ያልረጋች

አርብ ነው፤ ሙሐረቅ ላይ ሱቁ ሁሉ ተከርችሟል፣
ከሶላት የወጣው ሰው ወደየምሳው ተበትኗል።
እኔ ግን ደረጃውን፣ ሠላሳ ሁለቱን፣ በባልዲ እወጣለሁ፣
ከቡሳይቲን ዳርቻ የቀዳሁትን ባሕር ይዣለሁ።

ሰገነቱ ላይ ቫርጊስ አለ፤ ሰባ ዓመት አልፎታል፣
አርባውን ለፓስፖርት የሰው ፊት ሲያነሳ ኖሮበታል።
ስቱዲዮው ተዘጋ። «ስልክ ነው የዘጋኝ» ይላል፣
ስልክን እንደ ክፉ ጎረቤት ስሙን እየጠራ ይወቅሳል።

ውሃውን ትሪ ላይ እናሰጣለን፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች፣
ለእኛም ድርሻ ከሥሩ ነጭ ቅርፊት ትተዋለች።
ጨው ብርቄ አይደለም፤ የባቲን ገበያ አውቃለሁ፣
አሞሌው ከግመል ሲወርድ ጫፉን ልሼ አድጌያለሁ።
ይኼኛው ግን ለወጥ አይሆንም፤ ወረቀት ይነከርበታል፣
በላዩ ብር ይቀባል፤ ብር የነካውን ብርሃን ያጠቁረዋል።
(ሰውስ ቢሆን?)

በሩን ዘግተን፣ በቢጫ አምፖል፣ ብሩሹን ወደ ጎን፣ ወደ ታች።
«ሹወይ ሹወይ» ይለኛል፤ ዐረብኛችን ከዚህ ብዙ አታልፍም፣
የሁለታችንም የውሰት ናት፤ ለዚህ ሥራ ግን አታንስም።

የብር ውሃ ጣት አይምርም።
ቅዳሜ ጠዋት እመቤቲቱ የጠቆሩ ጣቶቼን አይታ
«ሂና ነው?» አለችኝ።
«ሂና ነው» አልኳት።
«ለማን ሰርግ?»
ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

ኔጋቲቩ ወረቀት ነው፤ ብርሃን እንዲያሳልፍ
ሰም በካውያ ይቀልጥበታል።
ካውያውን እኔ ነኝ የምይዘው፤ የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣
የኔ እጅ በሳምንት ሃያ ሦስት ጀለቢያ ይተኩሳል።
መጨረሻ ላይ ወርቅ አለ፣ ከትንሽ ጠርሙስ በጠብታ፣
ቡናማውን ወደ ወይን ጠጅ የሚገፋ በዝግታ።
ሰምም ወርቅም አለው፣ አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ።
ምን አልሽ ቢለኝ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

የምናትመው ሳይመለሱ የቀሩትን ነው፦
ከፍለው፣ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣
ፎቶአቸውን ግን ያልወሰዱትን። የብስኩት ቆርቆሮ ሞልተዋል፤
ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው። ሁሉም አንድ ኮት ለብሰዋል።
ኮቱ የስቱዲዮው ነበር፤ ከፊታቸው ይልቅ እሱን ለመድኩት።

አራት መቶ አሥራ ሰባት ሴት ናት።
ሰም አቅልጬባት ወደ ሰማይ ሳነሳት
አንገቷ ላይ ንቅሳት፤ ሦስት መስመር፣ ከሥሩ ነጠብጣብ፣
በኔጋቲቩ ነጭ፣ እንደ ዶቃ።
«በዚያ ዘመን ሐበሻ እዚህ አልነበረም» አለ ቫርጊስ።
«ነበረ እንጂ። አንገቷን እየው።»

ለነሐሴ ፀሐይ አራት ደቂቃ ይበቃታል።
ከመስታወቱ ሥር ወረቀቱ ሐምራዊ ሆነ፣
ከዚያ ሸክላ፣ ከዚያ ጉሽ ጠላ መሰለ።
ፀጉሯና ንቅሳቷ ቀድመው መጡ፣ ንቅሳቷ ጠቁሮ፣
ጉንጯ ቆየ፣ ለመምጣት እንደሚያፍር ሰው ተሰውሮ።

የቀረው ማርጊያው ውሃ ነው። እዚያ ካልተነከረች
ብርሃን ባየች ቁጥር ትጠቁራለች፣
እስከ መጨረሻው፤ ፊቷ፣ ኮቱ፣ ግድግዳው አንድ እስኪሆን።
«ቶሎ በይ» አለኝ።
የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፣ ይላሉ እኛ ጋ።
ሁለት ዓመት ውል፣ ሌላ ሁለት ዓመት፣ ሌላ ሁለት፤
ራሴ ሳልረጋ እሷን ላረጋ?
እጄ ከሳህኑ በላይ ቆመ። ቫርጊስ አየኝ፣
ዝም ብሎ የድሮ ፊልም የተጠቀለለበትን ጥቁር ወረቀት ሰጠኝ።

ሦስቴ ነው ያየኋት፣ ሁሌም ሌሊት፣ በፍሪጁ መብራት፣
በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እስክቆጥር አሥር ድረስ።
በሦስተኛው ጉንጯ ትንሽ ጠቁሮ ነበር፣
ከሰል ስታራግፍ እንደዋለች።
አራተኛውን አቆይቼዋለሁ።
ምን ትመስላለች ብትሉኝ፣
ኮቱ ሰፍቷታል። ትከሻው ላይ።